ጠረጴዛው ላይ ያረፈ ፎቶ

ጥር 12
ባጃጅ ጠፍቶ የታቦርን ተራራ ዳገት በእግሬ ወጣሁት። አልአዛር ቀድሞኝ ስቱዲዮአችን ገብቶ ኮላ እየበጠበጠ ነው። ለኤግዚቢሽኑ ሦስት ሳምንት ቀረን፣ ትልቁ ጣውላ ገና ግማሽ። ከተዘጋው ፎቶ ቤት የገዛነው ካርቶን ግን ሙሉ ነው፤ የማናውቃቸው ሰዎች ፊት። ፎቶውን በቀጭኑ እየሸነሸንን ከጋዜጣ ጋር እንሸምነዋለን። ያምራል። ራሴን ባሞግስ እዚህ ማን ይሰማኛል?

ጥር 14
አልአዛር ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር ሄዷል፤ ብቻዬን ዋልኩ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ፎቶ አገኘሁ። ኮት የለበሰ ወጣት፣ ሊስቅ ሲል የተነሳ። እንዴት ያሉ ዓይኖች... ሸንሽኜ ትልቁ ጣውላ መሃል ላይ ሸመንኩት። ኮላ፣ ሲደርቅ ቫርኒሽ። እስከዛሬ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል።

ጥር 15
አባቱ ነው።
ጠዋት አልአዛር ገብቶ "ሩሀማ፣ እዚህ ያስቀመጥኩት ፎቶስ?" አለ። ጣውላውን በጣቴ አሳየሁት። እየሳቅኩ። ቀረብ ብሎ ጎንበስ አለበት።
ቡሹሎ የሚኖሩት እናቱ እትዬ ካሰች ናቸው የሰጡት፤ ትልቅ አስደርጎ በፍሬም እንዲያመጣላቸው። ሌላ ፎቶ የላቸውም። እሱም አባቱን የሚያውቀው በዚሁ ነው፤ ሲሞቱ ገና ጡት አልጣለም ነበር።
"በስልክህ አላነሳኸውም?"
"ዛሬ ላነሳው ነበር።"
ጠረጴዛው ላይ ያረፈ የጋራ ነው፣ አይጠየቅም... ደንባችን ነው። ያወጣሁትም እኔ ነኝ። እሱ ረስቶ አስቀመጠ፣ እኔ ሳልጠይቅ ቆረጥኩ። ምን ነበር አንዴ ብደውልለት?

ጥር 16
በለብ ያለ ውሃ ሞከርኩ። በአልኮል፣ በምላጭ። አንዱ ቁራጭ ተላጠና ነጭ ወረቀት ቀረ። ግራ ዓይናቸው ሄደ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላሉ። ማን ጠየቃቸው?

ጥር 19
አልአዛር አይቆጣም። "ምሳ በልተሻል?" ይለኛል። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጥር 22
የጣውላውን መሃል በመጋዝ አውጥቼ ቡሹሎ ወሰድኩት። የምናገረው እኔ ነኝ አልኩ። አልአዛር በር ላይ ቆመ።
"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ..."
መስኮቱ ጋ ወስደው አገላበጡት። "ይሄ ጋዜጣ ነው?"
"አዎ።"
"ይሄስ?"
"ግንባራቸው ነው።"
አላለቀሱም። ጣታቸውን በቁራጮቹ ላይ አስኬዱ፣ አስኬዱ... "በቃ፣ እግዚአብሔር ያውቃል" አሉ። ከዚያ ቀና ብለው፣ "አንቺ ሠዓሊ አይደለሽ? ቆርጠሽዋል፣ በደንብ አይተሽዋል። ሣዪልኝ።"
እሺ አልኩ። ምን ልበል?

ጥር 25
ስድስተኛ ሙከራ። ዓይኑን አስታውሳለሁ። አፍንጫውስ? አገጩስ? ያኔ ያየሁት ሰው አልነበረም... ጥቁርና ነጭ፣ የሚቆረጥ ነገር።

የካቲት 3
ኤግዚቢሽኑ ያለ እኛ ተከፈተ። እኔ ቡሹሎ ነበርኩ። እትዬ ካሰች "ጉንጩ ሞላ ይበል" አሉኝ፤ ሞላሁት። "በዛ" አሉኝ፤ ቀነስኩት። ፎቶውን ታስታውሰዋለህ ብዬ አልአዛርን ጠየቅኩት። "ሳስታውሰው ሁልጊዜ ያንቺ ጋዜጣ መሃሉ ይገባብኛል" አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

የካቲት 11
ዘጠኝ የእርሳስ ሥዕል ይዘን ሄድን። እትዬ ካሰች አልጋው ላይ ደረደሯቸው። አንዱን አነሱ፣ አስቀመጡ። ሌላውን። መጨረሻ ላይ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ተቀመጡ።
"ልጄ፣ ተይው በቃ። እስከዛሬ ዓይኔን ስጨፍን ይመጣልኝ ነበር። አሁን የሚመጣው አንቺ የሣልሽው ነው። የኔው ጠፋብኝ።"
ሥዕሎቹን ሰብስቤ ወጣሁ።
በባጃጅ ስንመለስ አልአዛር ከጭኔ ላይ አንዱን ስቦ አየው። ብዙ አየው። "ለኔ ይሄኛው ይሁን" አለኝ፣ አጥፎም ኪሱ ከተተው።
አፍንጫውን ከራሴ ፈጥሬ ነው የሣልኩት። አልነገርኩትም።