የበርበሬው ጨው

ሐሙስ

ሰሃኑ ያረፈው ግድግዳው ላይ ነው፤ ዘይነባ ላይ አይደለም። ይህን አስቀድሜ ልጻፍ።

ምስር ወጥ ነበር። "ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል" ይባላል። ጨው ስለሌለው ወጡን ከነሰሃኑ ወረወርኩት። ሚስቴ ስባሪውን ለቅማ፣ ግድግዳውን ወልውላ ጎመን አቀረበችልኝ። ጎመኑም ጨው የለውም፤ ሎሚ ጨምቃበታለች። በላሁት፤ ምን አባቴ ላድርግ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ ሲስተር ትዕግሥት ናት፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ። ቅዳሜ ቅዳሜ የደም ግፊት ያለብንን የሰፈሩን ሰዎች በቅሬያችን አዳራሽ ሰብስባ ትለካናለች። እስከ ዛሬ ቅሬው የሚሰበስበን ለቀብር ነበር፤ አሁን ሴቶቹ እዚያው ጨው የቀነሰ ወጥ መሥራት ይማማራሉ። "ጋሽ ሰይድ፣ በዚህ አያያዝዎ አንድ ቀን ድንገት ይወድቃሉ" አለችኝ። "የበሉትንና የተናደዱበትን በየቀኑ ይጻፉልኝ።" ዕድሜዬን ሙሉ የጭነት መኪና ነድቼ በጡረታዬ ተማሪ ሆንኩ።

የበላሁት፦ ጎመን በእንጀራ። የተናደድኩበት፦ ሁሉም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ ደሴ ፒያሳ ወርጄ ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ጨው የበዛበት ዱለት በላሁ። ላልጽፈው ነበር። ሲስተር ደብተሩን ስትጠይቀኝ ይህን ገጽ እዘለዋለሁ።

ስመለስ መንገድ የዘጋብኝን የባጃጅ ሹፌር አንገቱን አነቅሁት። ሰው ገላገለን። ቤት እስክገባ ደሜ ጆሮዬ ውስጥ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

ቅዳሜ

180 በ110። ካለፈው ሳምንት ብሷል።

"ኪኒኑን እየዋጡ ነው? ጨውስ ቀንሰዋል?" አለች ሲስተር። "እሷን ጠይቂያት" አልኩ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ተነሥቼ ዘይነባ ተደብቃ ጨው ትጨምርብኛለች፣ ልትገድለኝ ነው አልኩ። ሐሙስ ጨው የለውም ብዬ ሰሃን የወረወርኩት ሰውዬ! ሴቶቹ "ኧረ በአላህ ጋሽ ሰይድ!" አሉ። ዱለቱን አላነሣሁም።

ቤት ስንገባ "ወላሂ አልጨመርኩም" አለች። በጥፊ መታኋት።

ጥፊ ብዬ ጻፍኩ። ቡጢ ነው። ከንፈሯ ተሰነጠቀ፣ አንድ ጥርሷ ወለቀ። በርከክ ብላ ወለሉ ላይ ጥርሷን ፈለገች። ስታገኘው በሻርፗ ጫፍ ቋጠረችው። አላለቀሰችም።

እሁድ

ሄዳለች። ገራዶ፣ ታላቅ ወንድሟ እንድሪስ ቤት። ይቅናት አልኩ።

አሁን እንደ ልቤ ጨው እበላለሁ ብዬ ማድ ቤት ገባሁ። የጨው ዕቃው ታጥቦ ተደፍቷል። ቆርቆሮውን፣ ማሰሮውን፣ መደርደሪያውን ሁሉ በረበርኩ። በቤቱ አንድ ፍሬ ጨው የለም። ምንም አልደበቀችም።

ሽንኩርት ከትፌ ጣድኩ። በርበሬውን ልጨምር ስል በጣቴ ላስ አደረግሁት። ጨው ነው። ደግሜ ላስኩ። ጨው።

ደሴ በዚህ ጭጋግ በርበሬ አይደርቅም። በየዓመቱ የሚደርቀው ኮምቦልቻ፣ እህቴ መዲና ግቢ ነው፤ የሚፈጨውም እዚያው። "ጨው አብዝታችሁ አስገቡበት፣ እንዳይነቅዝ" የምለው እኔ ነኝ። ዘይነባ ከወጡ ጨው አወጣች፤ ስለ በርበሬው ግን እሷም አላሰበች፣ እኔም አላሰብኩ። በርበሬ ውስጥ የገባ ጨው ለኛ በርበሬ ነው እንጂ መቼ ጨው ሆኖ ያውቃል? ለምላሴ አነሰኝ፤ ለደሜ ግን በቅቶት ኖሯል።

ድስቱን ከነሽንኩርቱ በሩ ላይ ወረወርኩት። የሚለቅምልኝ የለም። እኔው ለቀምኩ።

ሰኞ

ኮምቦልቻ ወረድኩ። መዲና "ጋሼ፣ አንተው አይደለህ ያዘዝከኝ?" አለች። ያልተፈጨ ዛላ ተርፏት ነበር፤ ቀንጥሰን ወፍጮ ቤት ወሰድነው። ባለወፍጮው እጁ ለምዶ ጨው ሊያፈስበት ሲል ኮሌታውን ይዤ ከግድግዳው ጋር አላተምኩት። አፍንጫው ደማ። ምንም አላጠፋም እኮ። ይቅርታ ልለው ብጠጋ እጁን ፊቱ ላይ ጋርዶ ሸሸኝ።

"ግፊቱ ነው እንዲህ የሚያደርግህ?" አለችኝ መዲና።

አዎ ልላት ነበር። ግን ግፊቱ የመጣብኝ በቅርቡ ነው። እጄ ድሮም እንዲህ ነው።

ማክሰኞ

ገራዶ። እንድሪስ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሰላምታዬን አልመለሰም። ዱላው ሁለቴ ትከሻዬ ላይ አረፈ፣ ሦስተኛው ክንዴ ላይ። አልመለስኩለትም። በርበሬውን አቅፌ ቆምኩ።

ዘይነባ ወጣች። ከንፈሯ አብጧል።

"በርበሬው ነው ዘይነባ" አልኳት። "ጨዉ በርበሬው ውስጥ ነበር። አንቺ ምንም ጥፋት የለብሽም።"

በርበሬውን አልተቀበለችኝም። "ጨምሬ ቢሆን ኖሮስ? ልክ ነበርክ?" አለች።

መልሴን ሳትጠብቅ ገብታ በሩን ዘጋችው።

የበላሁት፦ ምንም።

ሐሙስ

ሽሮ ልሠራ ስል አሰብኩ፤ ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል። ተውኩት። ድንች ቀቅዬ በአዲሱ በርበሬና በሎሚ በላሁ። ክንዴ ጠቁሯል። እኔ በሦስት ዱላ ሁለት ቀን አመመኝ፤ እሷ ስንት ዓመት ሙሉ ችላኛለች።

ቅዳሜ

160 በ100። "አንድ ሳምንት ብዙ አይደለም፤ ግን ጥሩ ነው። ምን ቀየሩ?" አለች ሲስተር። ስለ በርበሬው ነገርኳት። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሁሉም ቤት ያው በርበሬ ነው።

ዘይነባ ከወንድሟ ጋር መጥታ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። ተነሣሁ። "ባለፈው እዚህ ያልኩት ውሸት ነው። ዱለት የበላሁት እኔ ነኝ። ቤት ገብቼም ጥርሷን አወለቅሁ። ጨው ጨምራ ቢሆን እንኳ ልክ አልነበርኩም።" ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሲስተር ወደ ዘይነባ ዞረች። "እትዬ፣ እስኪ እርስዎም ይለኩ።" ለካ እስከ ዛሬ ማንም ለክቷት አያውቅም። እዚህ የምትመጣው ለኔ ምግብ መሥራት ልትማር ነበር።

190። ሲስተር ጥቂት ቆይታ ደግማ ለካች። ያው ነው። "ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያምዎት?" አለቻት በቀስታ። ዘይነባ እጅጌዋን ወደ ታች ሳበች። ወደኔም አላየችም።

ደጅ ላይ የበርበሬውን ከረጢት ዘረጋሁላት። እንድሪስ ተቀበለኝ። "እመጣለሁ፣ ቅዳሜ፣ ለመለካት" አለች ዘይነባ። የገራዶውን መኪና ተሳፍረው ሄዱ።

የበላሁት፦ ጎመን። የተናደድኩበት፦ የለም።

የፈራሁት የሚል ሲስተር አላዘዘችኝም፤ እኔው ልጨምር። የፈራሁት፦ ቅዳሜ ሳይደርስ እሷ እንዳትወድቅ።