ስልኬ «ምስል» ብቻ ብሎ ስላለፈው ማስታወቂያ

ለክቡር የሰው ሀብት ኃላፊ
(የመሥሪያ ቤቱን ስም ለክብሩ ስል ትቼዋለሁ)
ቦንጋ

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ቤተሰብዎ፣ ወንበርዎ፣ በተለይም ዐይንዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈርሐት አብዱልሃኪም እባላለሁ፤ ገበያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት የሐጂ አብዱልሃኪም ልጅ ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ አላይም። በሕግ ተመርቄ እናንተ ዘንድ ለወጣው የሕግ ባለሙያ ቦታ አመልክቼ ነበር።

መሥሪያ ቤታችሁ ድረ ገጽ እንዲኖረው ስላደረጋችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ስልኬ ጽሑፍ እያነበበ ስለሚያሰማኝ ጠዋት ጠዋት እከፍተዋለሁ። «የኃላፊው መልእክት» የሚለውን ገጽ ከዳር እስከ ዳር ስላነበበልኝ የእርስዎን ራእይ በቃሌ ልወጣው እችላለሁ። ማስታወቂያው ጋ ሲደርስ ግን «ምስል» ይልና ዝም ይላል። ስለዚህ በትሕትና የሚከተለውን አቀርባለሁ።

1ኛ. ማስታወቂያችሁ በወረቀት ታትሞ፣ ማኅተም አርፎበት፣ ፎቶ ተነሥቶ ነው የሚለጠፈው። ጽሑፉ ራሱ ለምን አይቀመጥም ብዬ ስጠይቅ የመዝገብ ቤቷ እትዬ አስካለማርያም «ማኅተም የሌለውን ማን ያምነዋል ብለሽ ነው?» አሉኝ። እኔ አምነው ነበር።

2ኛ. የፈተናው ቀን የወጣው በዚሁ ምስል ላይ ነው። እቤታችን ከእኔ በቀር ፊደል የቆጠረ ስለሌለ፣ ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ጋሽ ሙዓዊያ ደንበኛ በሌላቸው ሰዓት ያነቡልኛል፤ በዚያ ሳምንት ግን ዕቃ ይዘው ሺሺንዳ ገበያ ሄደው ነበር። ተመልሰው ሲያነቡልኝ ፈተናው አልፏል። ከተፈታኞቹ ዝርዝር ውስጥ ስሜ በደማቁ ተጽፏል አሉኝ፤ ስለ ደማቁ አመሰግናለሁ። ቢሯችሁ ስመጣ ደግሞ «ፖስት አድርገን ነበር እኮ፣ አላየሽውም?» ተባልኩ። አላየሁትም፣ ክቡር ሆይ።

3ኛ. አቤቱታ የምትቀበሉት በኦንላይን ብቻ ስለሆነ ቅጹን ሞላሁ። ስጨርስ፣ ሮቦት አለመሆኔን ለማረጋገጥ የትራፊክ መብራት ያለባቸውን ሥዕሎች እንድመርጥ ታዘዝኩ። እናቴን ጠራኋት። ብዙ አየችው፤ የትራፊክ መብራት አይታ ስለማታውቅ የቱ እንደሆነ ጠፋባትና ሁለታችንም ሮቦት ሆነን አረፍነው። በኋላ ጋሽ ሙዓዊያ መጥተው ሰው መሆኔን አረጋገጡልኝ።

ቀልዱን ልተወውና፣ ደክሞኛል። ሕግ ስለተማርኩ መብቴን አላጣሁትም፤ ማን ፊት ቆሜ እንደምናገረው ነው ያጣሁት። አባቴ «እስኪ ሱቁ ውስጥ ተቀመጪ» ማለት ጀምረዋል። ጨርቅ ዳስሼ ስለምለይ ጎበዝ ነሽ ይሉኛል፤ ደግ ሰው ናቸው። እኔም እሺ ማለት ጀምሬአለሁ። የሚያስፈራኝ እሱ ነው።

ለሕዝብ ክፍት ስላደረጋችሁት በር ምስጋናዬን ደግሜ እያቀረብኩ፣ ራእይዎ የበለጠ እንዲሰፋና እስከ ገበያው ድረስ እንዲደርስ እመኛለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
በደማቁ የተጻፈችው አመልካች
ፈርሐት አብዱልሃኪም
(ማኅተም የለኝም፤ ካላመኑኝ አልቀየምም)

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ስጨርስ ከመሥሪያ ቤታችሁ አጭር መልእክት በስልኬ ገባ። ለአቤቱታዬ ውሳኔ ተሰጥቶ ድረ ገጹ ላይ እንደወጣ፣ በውሳኔው በተገለጸው ቀን ያልተገኘ አመልካችም ዕድሉን እንደሚያጣ ይናገራል። ወዲያው ከፈትኩት። «ምስል» አለኝ። ጋሽ ሙዓዊያ ቢታ ገነት ሄደዋል።