ሲንቄዬ በመስታወት ውስጥ

ፉሪ፣ ሚያዝያ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለሁንዴ፣

አከም ጂርታ፣ ኢልመ ኮ? እንዴት ነህ፣ ልጄ? «ውድ ልጄ» ብዬ እየጀመርኩ ሁለት ወረቀት ቀደድኩ። ልጄ መሆንህን ግን ማን ይፍቀው? ምን ይበላ ይሆን፣ የት ይተኛ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ አስቤም በራሴ እናደዳለሁ። እስከ ዛሬ ማረሚያ ቤቱ ድረስ ያልመጣሁት መኪና አጥቼ አይደለም። ፊትህን ማየት ፈርቼ ነው።

የሌንጮን አርባ አውጥቻለሁ። ፋሲካን በር ዘግቼ ዋልኩ። ጎረቤታችን ኦቦ አማኑ ሥጋ ይዘው መጥተው «ብይ እንጂ፣ አንድ ልጅ እኮ አለሽ» አሉኝ። ወይ ጉድ! እንዲህም ማጽናናት አለ። ለአንድ እርምጃ ወሰን ብለህ ወንድምህን የገደልክበት መሬት ዘንድሮ ጦሙን ሊያድር ነው።

የጻፍኩበትን ጉዳይ ልንገርህ። የጨርቅ ነጋዴውን የሱሩርን ልጅ፣ አሪጅን ታውቃታለህ፤ ሰበታ በተከፈተችው ትንሽ የሥዕል ሙዚየም ነው የምትሠራው። በጥር ወር መጣችና ሲንቄዬን ለኤግዚቢሽን እንዳውሳት ለመነችኝ። እናቴ በሠርጌ ቀን ያስያዘችኝን በትር! ያገባች ሴት ሲንቄዋን ጠበኞች መሃል ካጋደመች፣ እሱን ተሻግሮ የሚመታ የለም፤ ነውር ነው። አባትህና አጎትህ ዱላ የተማዘዙ ጊዜ በሱ ነው የገላገልኳቸው። ይህን እያወቅሁ አሳልፌ ሰጠሁ። ለምን? ስምዎ ግድግዳ ላይ ይጻፋል ስላለችኝ! በመሠረተ ትምህርት በለቀምኳት ፊደል ደስ ብሎኝ ፈረምኩ። እኔ ቂሏ!

የካቲት 21 ቀን ጩኸታችሁን ስሰማ ወደ ጓዳ ሮጥኩ። ሲንቄው የሚቆምበት ጥግ ባዶ ነው። ማዋሴን ረስቼ ግድግዳውን ስዳብስ ቆየሁ። ከዚያ በባዶ እጄ መሃላችሁ ገባሁ፤ አንተም በክንድህ ገፈተርከኝ። እኔ ከወደቅሁበት ተነሳሁ፤ ሌንጮ አልተነሳም።

አሁን ሙዚየሙ የፕሮግራም ወረቀት በትኗል። በሚያዝያ መጨረሻ የተማሪዎች ሥዕል ይታያል፤ በሰኔ የሸክላ ሠሪዎች ሳምንት አለ። ግንቦት 2፣ ቅዳሜ፣ ሕዝቡ በነጻ ገብቶ ሲንቄዬን በመስታወት ሳጥን ውስጥ ያያል። ከሥሩ ምን ይላል መሰለህ? «ሲንቄ ጠብን እንዴት እንደሚያበርድ ባለቤቷ አዴ ያለምወርቅ ያስረዳሉ።» ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

ወረቀቱ የታተመው ከሌንጮ ሞት በፊት ነው አሉ። አሪጅ እያለቀሰች መጣች። «አዴ፣ ካልፈለጉ ስምዎን እንሰርዘዋለን። ሲንቄውንም ዛሬውኑ አመጣልዎታለሁ» አለችኝ።

«ለምኔ?» አልኳት። «ማንን ከማን ልገላግልበት?»

ልጅቷን ማስደንገጤ ቆጨኝ። ስሜን ግን ገና አትሰርዢው አልኳት፤ መጀመሪያ አንተን ልጠይቅህ ፈልጌ ነው።

ያን ቀን ሲንቄው እጄ ላይ ቢኖር፣ መሃላችሁ ባጋድመው፣ ትቆም ነበር? እቆም ነበር ካልከኝ፣ ሌንጮን ያስገደልኩት እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ሰው ፊት ቆሜ ይህንኑ እናገራለሁ። አልቆምም ነበር ካልክ ደግሞ የእናቴ በትር ተራ እንጨት ነው፤ እዚያው መስታወቱ ውስጥ ይቅር፣ እኔም ከቤቴ አልወጣም። ላጽናናት ብለህ እንዳትዋሸኝ። ስትዋሽ ከሕፃንነትህ ጀምሮ አውቅብሃለሁ።

እኔስ እቆም ነበር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ጥፋቱ የኔ ከሆነ፣ ስንቅ ቋጥሬ ልጠይቅህ መምጣት እችላለሁ።

ከቅዳሜው በፊት ጻፍልኝ። እግዚአብሔር እንቅልፍ ይስጥህ፤ ለኔም ያትርፍልኝ።

የሁለታችሁም እናት፣
ያለምወርቅ