ቦሰና በር ላይ ያለው መደብ

ሰኔ 12
እህቴ ሀያም ከባቢሌ የላከችልኝን የለውዝ ዘር ዛሬ ዘራሁት። ለውዝ በጉለሌ ብርድ... ስልክ ላይ ሳቀችብኝ። «ሞክሪው በቃ፣ ካልሆነ ቆልተሽ ብዪው» አለች። ሁለት መደብ አወጣሁ። አንዱ ከመኝታ ቤቴ መስኮት ሥር፣ አንዱ ተከራዬ ቦሰና በር ላይ፣ ከሰርቪሷ ፊት ለፊት። ልብስ እያሰጣች ስታየኝ ቆይታ «ከሥር ነው የሚያፈራው?» አለችኝ። «አዎ፣ እንደ ድንች» አልኳት። ሰባት ዓመት አብረን ኖረን አንድ ቀን ተኮራርፈን አናውቅም።

ነሐሴ 3
አበባ! ቢጫ፣ ትንንሽ። ለሀያም ፎቶ ላኩላት።

ነሐሴ 14
ሱቅ ውዬ ስመለስ አፈሩ ተነካክቷል። ግንዱ ላይ ተከምሯል። ድመት እንዲህ አይከምርም... ግቢው ውስጥ ያለነው ደግሞ እኔና ቦሰና ብቻ ነን።

ነሐሴ 21
እንደገና። ሁለቱም መደብ ላይ። ከሥር እያወጡ መልሶ መሸፈን ካልሆነ ሌላ ምን ይባላል? የመስኮቴን መደብ በእጄ ደልድዬ ሜዳ አደረግኩት። የነካው ሰው ጣቱ ይታያል። እሷ በር ላይ ያለውን ተውኩት፣ እንዳትነቃብኝ።

ነሐሴ 28
ጣት። አራት ጣት፣ ቁልጭ ብሎ። ጠዋት «እንዴት አደርሽ ዘኪዬ» አለችኝ፣ ፈገግ ብላ። ሌባ ፈገግ ይላል እንዴ? ይላል እንጂ። መልሼ ደለደልኩት።

መስከረም 9
በመጋረጃው ቀዳዳ ማየት ለምጃለሁ። ጎረቤታችን ዓለሜ ትናንት «ቦሰና ቆሎ ስትወድ» አለችኝ። ለምን አለችኝ? የምታውቀው ነገር አለ? በሰባት ዓመት የጠፋብኝ ሁሉ ይመጣብኝ ጀመር። ያ የሻይ ማንኪያ። የልጄ የሂሻም ሹራብ...

መስከረም 20
ነገርኳት። «ሌባ ነሽ» ማለት ከበደኝ። «ሂሻም ሊያገባ ነው፣ ቤቱን እፈልገዋለሁ» አልኳት። ሂሻም ድሬዳዋ ነው፣ እጮኛ እንኳ የለውም። ቦሰና እልል አለች። ወላሂ፣ እልል አለች። እቅፍ አድርጋ ሳመችኝ። እኔ ግን ፊቷን ነበር የማየው። ታስመስላለች ወይስ...

ጥቅምት 2
ወጣች። ወደ እንጦጦ መውጫ ላይ ቤት አግኝታለች። ዕቃዋ ተጭኖ እስኪያልቅ በሩ ላይ ቆሜ አየሁ። የእኔ የሆነ ነገር አላየሁም። ታች አድርጋው ይሆናል።

ኅዳር 7
ነቀልኩት። የመስኮቴ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ቦሰና በር ላይ ያለው ግን... እያንዳንዱ ግንድ ፍሬ ተንዠርግጎበት ወጣ። ግራ ገባኝ። ሀያም ጋ ደወልኩ።
«የቱን ነው አፈር ያስታቀፍሽው?»
«ምን ማስታቀፍ?»
«አበባው ሲረግፍ ክር የመሰለ ነገር ወደ መሬት ይልካል። አፈር ካላገኘ አያፈራም። ከሥሩ ኮትኩቶ መከመር ነው እኮ፣ እንደ ድንች። ማን ከመረልሽ ታዲያ?»
ስልኩን ዘጋሁት። ቦሰናን «እንደ ድንች» ያልኳት እኔው ነኝ። የከመረችልኝን በእጄ የናድኩትም እኔው።

ኅዳር 16
ለውዙ ደረቀ። ቆላሁት። ስምንት ቀን ሙሉ ለመሄድ ሳፍር ቆይቼ ዛሬ ሄድኩ። ቦሰና እንደ ድሮዋ ሳመችኝ። ከመቀመጤ «ሠርጉ መቼ ነው?» አለችኝ። ሣጥኗን ከፍታ ከሽሮ ሜዳ የገዛችውን ጋቢ አወጣች። «ለሙሽራው።»
መዋሸት እችል ነበር።
«ሠርግ የለም» አልኳት።
«ውይ... ፈረሰ?»
«አልነበረም።»
«ታዲያ ለምን አስወጣሽኝ?»
ነገርኳት። አፈሩን፣ ጣቱን፣ መጋረጃውን። ማንኪያውን እንኳ አልደበቅኩም። «ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ፣ ወደ ቤትሽ ተመለሺ» አልኳት።
ጋቢውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።
«እኔ እኮ... ዝናቡ እየናደብሽ መስሎኝ...» አለችና ተወችው። ጋቢውን አጥፋ ሣጥኑ ውስጥ መለሰችው። ከዚያ ያመጣሁላትን ለውዝ በፌስታሉ ወደ እኔ ገፋ አደረገችው።
«ይዘሽው ሂጂ። ነገ ጎደለ ትያለሽ።»
ይዤው ተመለስኩ።