የቀጥቃጩ ልጅ በኳስ ሜዳ

ጥቅምት 14 ቀን 1956 ዓ.ም.፣ ወረታ

ልምምድ። ሜዳው ገና ጭቃ ነው፤ ኳሷ ውኃ ጠጥታ ከብዳለች። ሁለት አገባሁ። ሌላው ሲያገባ ይተቃቀፋሉ፤ እኔ ሳገባ ዝም ብለው ወደየቦታቸው ይመለሳሉ። ቀጥቃጭ ሁሉ ቡዳ ነው፣ ዓይኑ ሰው ይበላል ይባላል። እሑድ ከአንበሳሜ ልጆች ጋር ግጥሚያ አለ። መ/ር አስናቀ ግራ ክንፍ አሰልፈውኛል። አባቴ ማጭዱን መቀጥቀጡን ሳያቆም፣ ተጠንቀቅ አለኝ። ከምን እንደሆነ አልጠየቅሁትም። አንቺም ታውቂዋለሽ፣ ደብተሬ።

ጥቅምት 16፣ እሑድ

አሸነፍን። ያገባሁት እኔ ነኝ። አምበላችን ሞላ ሰው ሁሉ እያየ አቀፈኝ። ጭብጨባው ቆመ። ሌላ የምጽፈው የለም።

ጥቅምት 19

ሞላ በትኩሳት ወድቋል። ወባ ነው፤ የክረምቱ ውኃ ከሜዳው ሲሸሽ ፎገራ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። እናቱ እትዬ ዘነቡ ግን፣ የቀጥቃጩ ልጅ በላብኝ ብለዋል አሉ። ት/ቤት አጠገቤ የተቀመጠ የለም።

ጥቅምት 20፣ ከሰዓት በኋላ

ሽማግሌዎች ከቁሐር ሚካኤል መጡ። ሞላን እንድለቀው፣ ሄጄ እንትፍ እንድልበት። እንትፍ ካልሁ በላሁት ማለቴ ነው። እምቢ ካልሁ ቤታችንን ያቃጥላሉ። አባቴ ቀና ብሎ አላየኝም።

«ሂድ ልጄ፤ ታናናሾችህ አሉ» አለ።

ሄድሁ። እንትፍ አልሁ። አፌ ደርቆ ነበር፣ ምራቅ አልወጣም። ማንም ልብ አላለም። ሞላ ዓይኑን ጨፍኗል። ምንም አልተሰማኝም። አሁንም ምንም።

ጥቅምት 25

ሞላ ተነሣ። የጤና ጣቢያው ድሬሰር የወባ ኪኒን ሲሰጠው ሰንብቷል። ለአገሩ ሰው ግን እኔ ስለለቀቅሁት ነው። መ/ር አስናቀ ጠርተውኝ፣ ወላጆች ተቆጥተዋልና ለጊዜው ዕረፍ አሉኝ። እሺ አልሁ። ወናፍ ስነፋ ዋልሁ።

ጥቅምት 28

ሞላ መጣ። ከት/ቤት ሰው ቤታችን ሲገባ የመጀመሪያው ነው። ከስቷል። ያዳነኝ ኪኒን ነው ብሎ ቢምል እናቱ አልሰሙትም። ለመ/ር አስናቀም፣ እኔ ካልተሰለፍሁ እንደማይሰለፍ ነግሯቸው ኖሯል፤ ሌላ አምበል እንመርጣለን አሉት።

«እንትፍ ያልህብኝ ቀን ነቅቼ ነበር» አለኝ። «ዓይኔን መግለጥ አፍሬ ነው።»

ልቆጣ ፈለግሁ። ቁጣው አልመጣልኝም። አባቴ በርጩማ አቀረበለት።

ኅዳር 1፣ ሰኞ ጧት

ዛሬ ልምምድ አለ። አልተጠራሁም። እሄዳለሁ። ግራ ክንፍ ላይ እቆማለሁ፤ ኳስ ባያቀብሉኝም እቆማለሁ። መ/ር አስናቀ ውጣ ካሉኝ እወጣለሁ፣ በሚቀጥለው ልምምድ ደግሞ እመለሳለሁ። ለአባቴ ነገርሁት። መዶሻውን አስቀመጠ። ከዚያ፣ እኔም መጥቼ ዳር እቆማለሁ አለኝ። እስከ ዛሬ ሜዳው ድረስ መጥቶ አያውቅም።