የስኩተሯ ገመድ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለየሺዋስ ላቀው፤
ካለህበት ዶሃ።

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? ባለፈው በስልክ ስንነጋገር ያስልህ ነበር፤ ተሻለህ ወይ? የሆቴሉ ሥራስ እንዴት ይዞሃል? የአገሩ ሙቀት ከምድጃው ሙቀት ጋር ተደምሮ እንዳያከሳህ እሰጋለሁ፤ ለሌላው ስታበስል ውለህ ለራስህ ሳትበላ የምታድር ሰው መሆንህን ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃለሁና። እኛ ለቸሩ ፈጣሪ ምስጋና ይግባውና ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ደህና ናቸው። እማዬም ከጉልበቷ ሕመም በቀር ደህና ናት። ላሟ ወንድ ጥጃ ወልዳለች፤ ዝናቡም ዘንድሮ ሳይቀድም ሳይዘገይ ጀምሯል። ሐሳብህ ስለ ራስህ ብቻ ይሁን እንጂ ስለ እኛ አይሁን።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስንደውልልህ አባባ ሁልጊዜ አጠገቤ ናቸው፤ ድምፁን ከፍ አድርጊው ይሉኛል። የምነግርህ ደግሞ የእርሳቸውን ነገር ነው፤ እየሰሙኝ ማውራቱን ነውር አድርጌ አየሁት። ስለዚህ የጎረቤታችን ልጅ ስጦታ ለሥራ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ይህን ከበሶው ጋር አስይዣታለሁ። በሶውን ቶሎ ብላው፤ ደብዳቤውን ግን ቀስ ብለህ አንብበው።

ስኩተሯ ተሸጣለች፤ ከገዢዋ ዘንድም በደህና ገብታለች። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ልብህ እንዳይንጠለጠል ነው። ቆማ ከምትዝግ ለሚሠራባት ሰው ትሂድ ብለህ ውክልናውን ከላክህልኝ ጊዜ ጀምሮ አላረፍኩም። የደባርቅ ነጋዴ እሑድ ገበያ ቆሞ በአንድ በግ ላት ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ እህትህ ሸጊቱ ግን ከሱቋ ሳትነሣ ቦንጋ ለምትኖር፣ ዓይኗን አይታ ለማታውቃት ሴት ሞተር ሸጠች። መኩራራቴን እወቅልኝ፤ እዚህ የሚያውቅልኝ የለም።

ገዢዋ ጽጌሬዳ ትባላለች። አዋላጅ ነርስ ናት። ከቦንጋ ወጣ ብሎ ካለ ጤና ጣቢያ ነው የምትሠራው፤ ጎንደር ስትማር የጓደኛዋን እንዲህ ያለች ስኩተር ትነዳ ስለነበር በቴሌግራም ያወጣሁትን ፎቶ ስታይ ወዲያው ደወለችልኝ። ክረምቱ ሳይበረታ እንድትደርስላት ለመነችኝ፤ በእግር ስትሄድ ሳትደርስላት የምትቀር እናት አለችና። «እህቴ፣ ምጥ ቀጠሮ አይሰጥም» አለችኝ። ያን ጊዜ ልቤ ለእርሷ ወሰነ።

ጉድለቷን አታውሪ ብለኸኝ ነበር። አልሰማሁህም። የግራ መስታወቷ መሰንጠቁን፣ ወንበሯ መቀደዱን፣ በማለዳ ብርድ ሦስት ጊዜ ካልተረገጠች እንደማትነሣ፣ ሁሉንም ነገርኳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፤ ዛሬ የደበቅሁት ነገ ቦንጋ ላይ ይወጣ አልነበር? እርሷም ገንዘቡን ሙሉውን አስቀድማ ላከችልኝ። የሥራ ባልደረቦቿ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብለው አስፈራርተዋት ነበር አሉ። የራሷን ዕቃ ጉድለት የምትናገር ሴት አትሰርቀኝም ብላ መለሰችላቸው። እንግዲህ ከዚያ በኋላ ነገሩ የሽያጭ ነገር አልሆነም፤ አደራ ሆነ።

ፍሬኗ ላልቶ ስለነበር ዳባት ድረስ ራሴ ነድቻት ሄድኩ። ቃለ አብ የሚባል ጥሩ መካኒክ አለ፤ የፍሬን ሸራዋን ቀየረልኝ። ስሄድ የመንገዱ ሰው ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ደግሞ በበቅሎ እንደምትሄድ ሙሽራ እጃቸውን አንሥተው መረቁኝ። ስመለስ ዝናብ መታኝ፣ ሆኖም አልቆምኩም።

ከዚያ መንገዱ ተዘጋና ሁለት ሳምንት ጠበቅን። ሲከፈት ያርጋል በአይሱዙው ገብስ ጭኖ ወደ አዲስ አበባ ሊወርድ ነው ተባለ። ያርጋልን ታውቀዋለህ፣ የሰው አደራ በማድረስ የተመሰገነ ሾፌር ነው። አዲስ አበባ ሲደርስ ለቦንጋ መኪና ሊያስረክብልን ተስማማ። ቤንዚኗን አወጣን፣ ባትሪዋን ነቀልን። ሊብሬውን በላስቲክ ጠቅልዬ ከወንበሯ ሥር ባለው ሳጥን ቆለፍኩበት፤ ቁልፏን ከነጠፍሯ መሪዋ ሥር ሰክቼ ተውኩ። ማሰሩን ለአባባ ሰጠኋቸው። አርባ ዓመት የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ሲጭኑ የኖሩ ሰው ናቸውና ከእርሳቸው የተሻለ ማን ያስራል? በጭድና በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀለሏት፤ በመጫኛ ወዲህና ወዲያ ወጥረው አሰሯት። እኔ ያርጋልን ልጠራ መናኸሪያ ደርሼ ስመለስ ጨርሰው ጠበቁኝ። ያን ቀን ብዙ አልተናገሩም። ድካም ነው ብዬ አለፍኩት።

በስምንተኛው ቀን ጽጌሬዳ ደወለች። አንዲት ጭረት የላትም አለች፤ ቋጠሮዎቹን ለመፍታት ሦስት ሰው ፈጀ ብላ ሳቀች። ቀጥላም ቁልፉን የት አደረግሽው አለችኝ። መሪዋ ሥር ነው አልኳት። የለም አለች። ደግማ ፈለገች፣ ጭዱን ሁሉ በተነች፤ የለም። ሁለተኛው ቁልፍ ሊማሊሞ ላይ ወድቆብህ እንደቀረ አንተም ታውቃለህ። ያለ ቁልፍ አትነሣ፣ የቤንዚን ክዳኗ አይከፈት፣ ሊብሬውም ከሳጥኑ አይወጣ። ጽጌሬዳ አልተቆጣችም። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ሦስት ቀን ስጪኝ ብዬ ማልኩላት። በምን እንደማልኩ ግን እኔም አላውቅም።

የማላፍርበትን ብቻ ልጻፍልህ ብል ደብዳቤው እዚህ ያልቅ ነበር። ለያርጋል ደወልኩና በሰው ፊት የማይነገር ቃል ተናገርኩት። ጎንደር ደርሶ ወደ እኛ እየተመለሰ ነበር። እስከ መጨረሻው ሰማኝና፣ «ሸጊቱ፣ አሥራ ሁለት ዓመት የሰው አደራ ጭኛለሁ፤ የሰው ቁልፍ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ለላሟ ጭድ ላወጣ በረት ገባሁ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የአባባን ገመዶች አትረሳቸውም። ሰባት በቅሎ ሸጠዋል፤ የሰባቱም ገመድ እዚያው ነው። ገዢው የራሱን ገመድ ይዞ ይመጣል እንጂ የቤቱ ገመድ ከከብቱ ጋር አይሄድም፤ ከሄደ ገዱን ይዞ ይሄዳል፣ በረቱም ባዶ ይቀራል ይላሉ። እንግዲህ ቀና ስል ከሰባቱ ቀጥሎ በስምንተኛው ካስማ ላይ የስኩተሯ ቁልፍ ከነጠፍሩ ተንጠልጥሏል። ስኩተሯን የገዛሃት ዕለት ገመድ የሌላት ከብት የለችም ብለው በእጃቸው ጎንጉነው የሰጡህ ጠፍር ነው። ያን ቀን እኔና አንተ ስቀን ነበር። እርሳቸው ግን እየቀለዱ አልነበረም።

ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ቁልፉን አንጠልጥዬ ይህ እዚህ ምን ይሠራል አልኳቸው። አልካዱም።

«ከብት ይሸጣል፤ ገመዱ አይሸጥም። ይህንን ላንቺ ማስተማር ነበረብኝ?» አሉኝ።

ተናደድኩ። ሴትዮዋ በእግሯ እየሄደች መሆኑን፣ እኔ ሌባ ልባል መሆኑን፣ ያርጋልን ያለ ጥፋቱ ማዋረዴን ሁሉ ዘረዘርኩላቸው። እስክጨርስ ጠበቁኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ለኤምባሲ ተጻፈ፤ ለቦንጋ ተደወለ፤ ዳባት ድረስ ተሄደ። ይህች ከቤት ትውጣ ወይ ብሎ እኔን የጠየቀኝ ማን ነው? ልጁ ዕቃውን አሽጦ ሲጨርስ ምን ቀርቶት ሊመለስ ነው ብዬ፣ ገመዷን እንኳ ላስቀርለት አልኩ።»

ወንድሜ፣ እውነታቸውን ነው። አንተ በስልክ ለእኔ ነገርከኝ፤ እኔም ለስልኬ ነገርኩት። እርሳቸውን ያስታወስናቸው ለማሰሩ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ስኩተሯን በጨርቅ ይወለውሏት ነበር፤ እኔ ሥራ ስለፈቱ ነው እል ነበር።

አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቁጣዬ ሲበርድ፣ «አባባ፣ ገመዱን ያስቀሩ፣ ልክ ነዎት። ቁልፉ ግን ገመዷ አይደለም፤ እግሯ ነው። በቅሎ ሸጠው እግሯን አስቀርተው ያውቃሉ?» አልኳቸው።

ቁልፉን ተቀብለው ገልብጠው አዩት። ከዚያ ሳቁ። እንዲያ ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቷል፤ የጎደሉት ጥርሶቻቸው ሳይቀሩ ታዩኝ። ራሳቸው የቋጠሩትን ራሳቸው ፈቱና ቁልፉን በእጄ አስያዙኝ፤ ጠፍሩን ከኪሳቸው ከተቱት። «የሰው እግር ይዤ መክረሜ ነውር ነው» አሉ።

ያርጋል ከሰዓት በኋላ ሲገባ አባባ ጋቢያቸውን ደርበው መናኸሪያ ድረስ አብረውኝ መጡ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ሳልከፍት እርሳቸው ቀድመው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ልጄን ይቅር በላት አሉት። በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት። ያርጋል ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። እኔን ግን እስካሁን «ዳኛዋ» እያለ ይጠራኛል፤ ይገባኛል። ቁልፉን በጨርቅ ሰፍቼ የጽጌሬዳን ስም ጻፍኩበት። ያርጋል ከጎንደር በአውሮፕላን ለሚበር ዘመዱ ሰጠልኝ፤ ከአዲስ አበባ ደግሞ በቦንጋ አውቶቡስ ሄደ። የማልኩት ሦስት ቀን ነበር፤ በአራተኛው ደረሰ።

ጽጌሬዳ ስታስነሣት በቪዲዮ ቀርጻ ላከችልን። በመጀመሪያው ርግጫ ተነሣች! እኔ አፈርኩ፤ ሦስት ጊዜ ብዬ ነበርና። አባባ ግን ምንም አልገረማቸው፤ ቆላ የወረደች በቅሎ እንዲሁ ትሆናለች አሉ። ቪዲዮውን አምስት ጊዜ አስከፈቱኝና ስለ ስኩተሯ አንድ ነገር ሳይናገሩ፣ የአገሩ ሣር እንዴት ለምለም ነው አሉ። የቁልፉን ነገር እውነቱን ለጽጌሬዳ ስነግራት አባትሽን አገናኚኝ አለችኝ። «ልጄ፣ ያለ እንቅፋት ውጪባት፣ ያለ እንቅፋት ግቢባት» ብለው መረቋት። ከሳምንት በኋላ በስኩተሯ ደርሳ መንታ አዋለደች። እንግዲህ ይህን ደባርቅ ውስጥ ያልሰማ የለም፤ አባባ ከቅዳሴ በኋላ የእኛዋ መንታ አዋለደች እያሉ ሲናገሩ አዲስ ሰው ሞተር ይሁን በቅሎ ግራ ይገባዋል።

ይህ ሁሉ መልካም ነው። ደብዳቤውን ያስጻፈኝ ግን ባለፈው እሑድ ያየሁት ነው። አባባ ከቤተ ክርስቲያን መጥተው ጠፍሩን ከካስማው አውርደው በቅቤ ሲያሹት አገኘኋቸው። ሰባቱ ገመዶች ደርቀው እንጨት ሆነዋል፤ አንዱንም ቀብተው አያውቁም። ምነው ይህን ብቻ አልኳቸው። የእነዚያ በቅሎዎች አይመለሱም አሉኝና ማሸታቸውን ቀጠሉ።

ነገ ተነሥተህ ና አልልህም፤ ኮንትራትህን አውቃለሁ፣ የእኛንም መንገድ አውቃለሁ። ግን ስትደውል ከእኔ በፊት እርሳቸውን ጠይቅ። ምንም ነገር ይሁን፣ ምን ይመስልዎታል ብለህ ጠይቃቸው። እኔም ከእንግዲህ እንዲያው አደርጋለሁ።

እማዬ ግንባርህን ስማ ሰላም ትልሃለች፤ ጠዋት ጠዋት በሶ ብላ ብላሃለች። ደረስጌ ያሉት አክስታችን ለገበያ መጥተው ነበር፤ ስምህን እያነሡ በማርያም ስም መርቀውሃል። ታናሿ እህታችን ሠርካለም ሰባተኛ ክፍልን ልትጨርስ ነው፤ ሰላምታዋ ጫማ ላክልኝ ከሚል ልመና ጋር ነው፣ ቁጥሯ ሠላሳ ሰባት። ያርጋልም ሰላም ብሎሃል። አባባ ደብዳቤ እንደምጽፍልህ ያወቁት ስጦታ በሶውን ልትወስድ ስትመጣ ነው። ምን እንደምጽፍ አልጠየቁኝም። «ጠፍሩ አልደረቀም በይው» ብቻ ብለውኛል።

እህትህ ሸጊቱ ላቀው
ደባርቅ፣ ግንቦት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.