እኔ ጋ የቆመው ድምፅ

ረቡዕ፣ ጥር 2 ቀን 2004 ዓ.ም.

ለእታለሜ፣

ከየት እንደምጀምር አላውቅም፤ ጥፋቴን ልነግርሽ ነው።

አሰላሙ አለይኩም። እንዴት ነሽ? ሳሉ ተወሽ ወይ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ደህና ናት። ይህ ደብዳቤ በማን እጅ እንደሚደርስሽ ገና አላወቅሁም። ድምፅሽን በሚሞሪ ካርድ ቀድታ ከዓረብ አገር ይዛ የመጣችው ሴትዮ ከነበርሽበት ቤት ወጥተሻል አለች አሉ። ወዴት ቢሏት "እኔ እንጃ" ብላ ሻሿን አስተካከለች።

እዚህ ኔትወርክ የለም፤ ስልክም ቻርጅ የምናደርገው ቅዳሜ መካነ ሰላም ሄደን ነው። ድሮ አንድ ድምፅ ሲመጣ ሁሉም ለሁሉም በብሉቱዝ ይልክ ነበር። አንዱ ሰው ያንኑ ከአራት ቤት ይቀበላል፤ ሰኞ የመንደሩ ስልክ ሁሉ ባትሪው አልቆ ይዘጋል። "ሦስት ሰው ብቻ እየዞረ ያስተላልፍ፣ ሌላው ተቀብሎ ብሉቱዙን ያጥፋ" ያልኩት እኔ ነኝ። ከላይ እማማ አልታየች፣ ከመሀል እኔ፣ ከታች ወንዙ ዳር ድንቅነሽ። አሁን ባትሪው እስከ ዓርብ ይቆያል። ጓደኛዬ ራሕማ "ወሬ የማታወራ ልጅ የወሬ አለቃ ሆነች" ብላ ሳቀችብኝ።

ትናንት እማማ አልታየች ድምፅሽን ሰጠችኝ። ከጎተራው ኋላ ብቻዬን ደጋግሜ ሰማሁት። አንቺን በወሰደሽ በዚያ ደላላ የምትመጣ ልጅ ካለች አስቀሯት፣ የሚላት ቤት የለም፣ ፓስፖርቷንም መልሳ አታየውም ትያለሽ። እሱ ደግሞ ነገ ጠዋት ከታች መንደር ስድስት ልጆች ይዞ ይወጣል። አንዷ ራሕማ ናት። ሰባተኛዋ እኔ ነኝ፤ እማ አታውቅም።

ስለዚህ ለድንቅነሽ አላስተላለፍኩትም። ከሰሙ ጉዞው ይቀራል፤ አንቺን መፈለጊያዬ ያ መንገድ ብቻ መሰለኝ። እማማ አልታየች "አደረስሽ ወይ?" ስትለኝ "አዎን" አልኳት። እማም ከእህትሽ ምንም አልመጣም ወይ አለችኝ። "የመጣው የገበያ ወሬ ብቻ ነው" አልኳት።

ዛሬ ምንጭ ላይ ራሕማን አገኘኋት። የእናቷን ቤት ቆርቆሮ እንደምታለብስ ነገረችኝ። "አውሮፕላኑ ላይ አጠገብሽ እቀመጣለሁ፤ አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ አወራለሁ" አለችኝ። ስልኩ ጉያዬ ውስጥ ነበር። እንስራዬን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ባትሪው አንድ መስመር ቀርቶታል፤ ቢያሰማ አንድ ጊዜ ነው። ለእማ ላሰማው ወይስ ለልጆቹ እያልኩ ዋልኩ።

ነገ ሳይነጋ እማን ቀስቅሼ ወንዙ ድረስ ይዣት እወርዳለሁ። የኔም ስም ደላላው ወረቀት ላይ እንዳለ መንገድ ላይ እነግራታለሁ። ልጆቹም እሱም ባሉበት ድምፅሽን እከፍተዋለሁ። መሀሉ ላይ ከተዘጋ የቀረውን እኔው እናገራለሁ፤ በቃሌ ይዤዋለሁ።

አላህ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ ደግ ሰው ያቁምልሽ።

ታናሽ እህትሽ